ቡሬ ቡሬን በላው

ወንድሜ ራፕ የሚባለውን ነገር የጀመረው እኔ ቤት ነው። ያኔ ፍኖተ ሰላም ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበርሁ፤ ከገበያው ጀርባ ባለ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። እሱ ዐሥረኛ ክፍልን ቡሬ ጨርሶ ለመሰናዶ ወደ እኔ ሲመጣ የያዘው አንድ ፍራሽ፣ አንድ ጋቢና እማየ በጨርቅ የቋጠረችለትን በሶ ነበር። ፍራሹን ከአልጋዬ ግርጌ ዘረጋ፤ ትምህርቱን እስኪጨርስም እዚያው ተኛ።

ውኃ ሊቀዳ ሲወጣ ባዶውን ጀሪካን በጣቶቹ እየመታ ያጉረመርማል። ወረፋ ላይ ቆሞ ያጉረመርማል። ልብሱን ሲያጥብ፣ ሽሮ ሲያማስል፣ ከንፈሩ አያርፍም። አከራዬ ዕድሜያቸው የገፋ ቆራቢ ሴት ነበሩ፤ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በር ላይ ጠብቀው ያዙኝ።

«ልጀ፣ ይኸ ወንድምሽ የተባረከ ነው» አሉኝ። «ሲቀመጥ ዳዊት፣ ሲነሣ ዳዊት። የዛሬ ልጅ እንዲህ ሲደግም አይቼ አላውቅም።»

ምን ልበላቸው? «አዎ እማማ፣ ይደግማል» አልኋቸው። ለእሱ ስነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ግን እሳቸው በግቢው ባለፉ ቁጥር ድምፁን ዝቅ፣ ራሱን ጎንበስ ማድረግ ጀመረ፤ የሰጡትን ክብር ላለማጉደል።

አከራዬ ጨርሰው አልተሳሳቱም፤ ዳዊት የደገመ ልጅ ነው። አባታችን መሪጌታ ናቸው። ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው ደብራችን ያገለግላሉ፤ ከማኅሌት ሲወጡ ደግሞ ሞፈር ይጨብጣሉ፤ እኛ ሀገር መሪጌታም ቢሆን ካላረሰ አይበላም። ወንድሜን ገና በልጅነቱ ፊደል አስቆጥረው፣ ዳዊት አስደግመው፣ ቅኔ ቤት አስገብተውት ነበር። መቀኘት ጀምሮ፣ መምህሩም ተስፋ ጥለውበት ሳለ «አስኳላ ካልገባሁ» ብሎ ተወው። አባየ አልተቆጡም። አባየ ሲከፋቸው ዝም ነው የሚሉት። «ይሁን፣ ይማር» ብለው ቡሬ ቤት ተከራይተውለት ትምህርት ቤት አስገቡት።

በዚያው ሰሞን ከሁለቱ በሬዎቻችን አንዱን አጣን። መልኩ ዝንጉርጉር ስለነበር ቡሬ ነበር የምንለው፤ ከከተማዋ ጋር ስመ ሞክሼ ነው። አባየ አንድ ቀን በትራቸውን ብቻ ይዘው ወደ ቤት መጡና «ቡሬ ገደል ገባ» አሉን። እማየ ለሰው የሚለቀስ ልቅሶ አለቀሰችለት። «ሥጋውስ?» ስትላቸው «አውሬ ቀደመኝ» አሉ። ማንም ከዚያ በላይ አልጠየቀም። ከዚያ ወዲህ አባየ የቀረውን አንድ በሬ ከጎረቤት በሬ ጋር እያጣመዱ፣ በመቀናጆ ያርሱ ነበር። ዝናቡ ሲመጣ መጀመሪያ የጎረቤት ማሳ ይታረሳል፣ የእኛ ኋላ ነው። የዘገየ ማሳ ምን እንደሚሰጥ የገበሬ ልጅ ያውቀዋል።

ወንድሜ ፍኖተ ሰላም በገባ በጥቂት ወራት ውስጥ ጓደኛ አበጀ። ልጁ ዋናው መንገድ ላይ ቪዲዮ ቤት ነበረው፤ ሠርግና ክርስትና እየቀረጸ፣ እዚያው ኮምፒዩተሩ ላይ እያቀናበረ በሲዲ ይሰጣል። ከኋላ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ግድግዳዋን በብርድ ልብስ ሸፍነው፣ ማይክሮፎኑን ከጣሪያው አንጠልጥለው «ስቱዲዮ» አሏት። መስኮቱ ግን አስቸገራቸው። ባጃጁ፣ ጋሪው፣ የፈረሱ ኮቴ ሁሉ እየገባ ቀረጻውን ያበላሽባቸዋል። ስለዚህ ወንድሜ ቅዳሜ ቅዳሜ ፍራሹን ተሸክሞ ይወጣ ጀመር። በዋናው መንገድ ላይ ፍራሽ በራሱ ተሸክሞ ሲሄድ የሚያውቁኝ ሰዎች ያገኙኝና «ቤት ለቀቃችሁ እንዴ?» ይሉኛል። ፍራሹን መስኮቱ ላይ ለጥፎ ሲቀዳ ውሎ፣ ሲመሽ መልሶ አምጥቶ ይተኛበታል።

አንድ ጊዜ ደግሞ ከገጠር ጅራፍ ይዞ መጣ። ከከተማው ወጣ ብለው፣ ጓደኛው በሠርግ ካሜራው እየቀዳ፣ እሱ ጅራፉን እያጮኸ ከሰዓቱን አሳለፉት። ከበሮ የሚመታበትን ቦታ በጅራፍ ድምፅ ሊተኩት ነው።

«የሌላ ሀገር ከበሮ ምን ያደርግልኛል?» አለኝ። «እኔ ያደግሁት በጅራፍ ነው።»

«እስቲ አሰማኝ» አልሁት።

«ሲያልቅ፣ እታለም። ግማሽ ነገር አይሰማም።»

እታለም ነበር የሚለኝ፤ ታላቅ እኅቱ ስለሆንሁ። ግጥሙን ሳይጨርስ ቃሉን እንኳ አላሰማኝም። እቤት ሲያጉረመርም ምቱን እንጅ ቃሉን አልይዘውም ነበር። እኔን የሚያስጨንቀኝ ደግሞ ፈተናው ነው። ደብተሩን ዘርግቶ ሳየው ደስ ይለኝና ጠጋ ስል ጣቱ ጠረጴዛውን ሲመታ አገኘዋለሁ።

«ይኸ ነገር እንጀራ ይሆንሃል?» አልሁት አንድ ቀን፣ ተናድጄ።

ቀና ብሎ አየኝ። «ቅኔስ መቼ እንጀራ ሆነ? አባየ ግን አልተዉትም።»

ደብተሩን ወደ እሱ ገፋ አደረግሁለት።

ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ተፈተነ፤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ግን አላመጣም። ውጤቱን ሰምቶ የመጣ ዕለት ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። እኔም ራቱን ከራስጌው አስቀመጥሁለት። በበነጋው ተነሥቶ ጫማውን ሲጠርግ አየሁትና ወዴት ነው ብለው፣ «ከሀገራችን ልጆች ጋር መተማ ልወርድ ነው፤ ለሰሊጥ አረም» አለኝ። የእኛ ሀገር ወጣት ክረምት ሲገባ ወደ ቆላ መውረዱ የተለመደ ነው። ሲመለስ ባሕር ዳር ሄዶ ዘፈኑን በደኅና ስቱዲዮ ሊያስቀዳ አስቧል። ቆላውን አውቀዋለሁ፤ ሄዶ የተመለሰውንም ያልተመለሰውንም አውቃለሁ። ለመንሁት። «እታለም፣ እስከ መቼ ካንቺ አልጋ ግርጌ እተኛለሁ?» አለኝ። እኔ ዘንድ መኖሩ እንዲህ ይከብደው እንደነበር ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ከመሄዱ በፊት ፍራሹን ለመጨረሻ ጊዜ ተሸክሞ ወጣ። ዘፈኑ ሦስት ክፍል አለው፤ ሁለቱን ክፍልና አዝማቹን ቀድቶ፣ የሦስተኛውን ቦታ «ገና አልመጣልኝም» ብሎ ባዶውን ለጓደኛው ትቶለት ሄደ።

ከመተማ በሰው ስልክ ይደውልልኝ ነበር። ድምፁ ይቆራረጣል። ሙቀቱን፣ ትንኙን፣ በላስቲክ ድንኳን ውስጥ ተደራርበው እንደሚተኙ ይነግረኝና ወዲያው ወደ ቀልድ ይመለሳል። አንድ ቀን ግን ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠኝ፣ «እታለም፣ ሦስተኛው መጣልኝ!» አለኝ። «አረም ውስጥ እንዳጎነበስሁ መጣልኝ። ሁሉንም ይዠዋለሁ፣ በቃሌ።»

«ጻፈው» አልሁት።

«ቅኔ አይጻፍም» ብሎ ሳቀ። ስልኩ ተቋረጠ። ጤነኛ ድምፁን ከራሱ አፍ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

መስቀል አልፎ አብረውት ከወረዱት ልጆች አንዱ ደወለልኝ፤ «መናኸሪያ ነይ፣ ወንድምሽን ይዘን መጥተናል» አለኝ። ሄጄ ከሰዉ መሐል በዓይኔ ፈለግሁት። ከአውቶቡሱ ደረጃ ሥር ጋቢ ተከናንቦ የተቀመጠ ሰው ነበር፤ ሽማግሌ መስሎኝ አልፌው ሄድሁ። «እታለም» ብሎ ሲጠራኝ ዞርሁ። ፊቱ ጠቁሮ፣ አንገቱ ቀጥኖ፣ ሆዱ ብቻ ተነፍቶ ነበር። ግራ ጎኑን በእጁ ደግፎ ይዟል። ጋሪ ጠርቼ፣ ከጋሪው ላይ አቅፌው፣ ቀጥታ ሆስፒታል ወሰድሁት።

መጀመሪያ ወባ ይሆናል ተባለ፤ ደሙ ሲመረመር ካላዛር መሆኑ ታወቀ። የቆላ አሸዋ ዝንብ የምታመጣው በሽታ ነው፤ ጣፊያን ያሳብጣል፣ ደምን ይጨርሳል። ሐኪሞቹ መርፌ ጀመሩለት፤ ደም ያስፈልገዋል ሲሉ እኔም የትምህርት ቤት ባልደረቦቼም ሰጠን። «ዘግይቶ ነው የመጣው» አለኝ ሐኪሙ፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ዓይኔን እያየ ነው የነገረኝ። አባየና እማየ ከገጠር መጡ። እማየ እግሩን ይዛ ተቀመጠች። አባየ ከራስጌው ቆመው በቃላቸው እየጸለዩለት ይውላሉ።

ጓደኛው በየቀኑ ይመጣ ነበር። አንድ ከሰዓት እማየ ልብስ ልታጥብ፣ አባየ ጸበል ሊያመጡ ወጥተው እኔ ብቻ ሳለሁ፣ ልጁ ስልኩን አውጥቶ አልጋው ላይ ጎንበስ አለ።

«ሦስተኛውን አሁን ንገረኝ። በስልኬ ልያዘው» አለው።

«በዚህ ድምፅ?» አለ ወንድሜ። ትንፋሹ አጥሮ ነበር። «የታመመ ፍየል ቀዳህ ይሉሃል።»

«አላወጣውም። እንዳይጠፋብን ብቻ።»

«አይጠፋም። ስነሣ ፍራሹን ይዤ እመጣለሁ።»

እኔም ተጠጋሁ። «ለኔ ብቻ በለው» አልሁት። «በጆሮዬ።»

ራሱን ነቀነቀ። «ሲያልቅ ብየሽ የለ?»

ከዚያ አፍንጫው ይደማ ጀመር። ሲቆም፣ እንደገና ሲጀምረው ሰነበተና አንድ ጠዋት ጨርሶ አልቆም አለ። ነርሶቹ ሮጡ፤ ሐኪሙም መጣ። እኔ ፎጣ እቀይርለት ነበር። ዓይኑ ከእኔ ላይ አልተነሣም፤ የሚያሳፍር ነገር የሠራ ይመስል «ቆሻሻ አደረግሁሽ» አለኝ፣ ቀሚሴን እያየ። ሌላ ቃል አልተናገረም። ሃያ ዓመት አልሞላውም ነበር።

እስከ ቡሬ በመኪና፣ ከቡሬ ወዲያ በቃሬዛ በሰው ትከሻ ወሰድነው። ጭቃው ገና አልደረቀም፤ ሰዉ እየተቀያየረ ተሸከመው። ፍትሐቱን ያደረሱት አባየ ናቸው። ሌሎቹ ካህናት «ይቅርብዎ፣ እኛ እናደርሳለን» ቢሏቸውም እምቢ አሉ። ልጃቸው ላይ ቆመው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዜሙት፤ አንድም ቦታ ድምፃቸው አልተሰበረም። እማየ አጠገቤ መሬት ላይ ወድቃ፣ «ምነው ድንጋይ ሆነ?» ትለኝ ነበር፣ አባየን እያሳየችኝ። እኔም ያን ቀን እንደዚያው አሰብሁ።

ጓደኛው ለቀብርም መጥቶ ነበር፣ ለአርባውም መጣ። የአርባው ሰው ሲበተን ወደ እኔ ተጠግቶ «አባን ለብቻቸው ላናግራቸው» አለኝ። አባየ ከጎተራው ጀርባ፣ ግራሩ ሥር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ይዤው ሄድሁ። ልጁ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመና ቆመ።

«አባ፣ ልጅዎ ከመሄዱ በፊት የቀዳው ነገር አለ» አላቸው። «አንድ ነጠላ ዜማ ነው። ሰው እንዲሰማለት ይፈልግ ነበር። ያለ እርስዎ ፈቃድ ግን አላወጣውም።»

አባየ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «ዘፈን ነው?»

«ዘፈን እንኳ አይባልም፣ አባ። ንግግር ነው። ቤት እየመታ የሚሄድ ንግግር።»

«ቤት የሚመታ ከሆነማ እንስማው እንጅ» አሉ።

ልጁ ስልኩን ከፈተ። መጀመሪያ ጅራፉ ጮኸ፤ አባየ ደንግጠው ቀና ብለው ወደ ማሳው አዩ። ቀጥሎ የወንድሜ ድምፅ መጣ። ያ የመታመሙ ድምፅ አይደለም፤ ጀሪካን እየመታ ከግቢ የሚወጣው ልጅ ድምፅ ነው። እኔ ጎተራውን ተደገፍሁ። ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። አዝማቹ እንዲህ ይላል፦

ቡሬ ተሸጠና ሄድሁኝ ወደ ቡሬ፣
አባየ ቀሩ አሉ፣ ካንድ ነጠላ በሬ፤
ቡሬ ቡሬን በላው፣ ይኼ ነው የኔ ወሬ።

አዝማቹ ሲያልቅ አባየ «ድገመው» አሉ። ልጁ ደገመው። እንደገና «ድገመው» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንሥተው አፋቸውን ያዙ።

«ማን ነገረው?» አሉ።

«ምኑን ነው አባየ?»

«ቡሬ ገደል አልገባም» አሉኝ። «ዳንግላ ገበያ ነድቸው ሄጀ ሸጥሁት። ቡሬ ገበያ ብሸጠው የሚያውቀኝ ያየኛል ብየ ነው። ለቤት ኪራዩ፣ ለልብሱ፣ ለደብተሩ ነበር። ልጁ ከሰማ ትምህርቱን ትቶ ይመጣል፣ እናትሽም አትፈቅድም ብየ ነው ገደል ገባ ያልሁት። ለሰው አልተናገርሁም። ለንስሐ አባቴ ብቻ።»

ከማን እንደሰማው እስከ ዛሬ አላወቅንም። ምናልባት ዳንግላ ገበያ ያየ ሰው ነግሮት ይሆናል፤ ምናልባት ማንም ሳይነግረው ራሱ ደርሶበት ይሆናል።

«እያወቀ ኖሯል» አሉ አባየ። «በዓመት በዓል ሲመጣ ያንን አንድ በሬ እያየ፣ እያወቀ፣ ዝም አለኝ።» ዕንባቸው በዚያን ጊዜ ወረደ። በፍትሐቱ ያልወረደው፣ በአርባው ያልወረደው ዕንባ ጢማቸውን ሞላው። ጓደኛው ስልኩን ሊዘጋ እጁን ሲዘረጋ፣ «ተወው፣ ይጨርስ» አሉት።

ሦስተኛው ክፍል ሲደርስ ግን ድምፁ የለም። ጅራፉና ምቱ ብቻ ይሄዳል። አባየ አንገታቸውን ደፍተው ጠበቁ። ያልፋል ብለው ጠበቁ። አዝማቹ ተመልሶ መጣና አለቀ።

«ሙሉ አይደለም» አሉ።

«አዎ አባ፣ ሦስተኛው አልተቀዳም» አለ ልጁ። «ባሕር ዳር አንድ ጎበዝ ልጅ አውቃለሁ። እሱ ቢሞላው ብየ…»

«አይሆንም!» አባየ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «የሞተ ሰው ቦታ በሌላ ሰው አይሞላም። ይዞት ሄዷል። ባዶውን ተወው። እንዳለ አውጣው፣ ከነጉድለቱ።»

እማየ ነገሩን በኋላ ስትሰማ ስለ በሬው ትጠይቃለች ብለን ፈርተን ነበር፤ ስለ እሱ ምንም አላለችም። «የልጀን ድምፅ አፈር አልብሼዋለሁ» አለች። «ከአፈር ወጥቶ ቢመጣ አልሰማም። እኔ ባለሁበት እንዳትከፍቱት።» አልከፈትንም።

ዘፈኑ ወጣ ስል ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ። ካሴት አልታተመለትም፣ ሬዲዮም አላስተዋወቀውም። ጓደኛው ከቪዲዮ ቤቱ በር ላይ የወንድሜን የተማሪነት ፎቶ አጉልቶ ለጠፈ፤ ከሥሩ «አዲስ ነጠላ ዜማ» ብሎ ጻፈ። በቃ። ሰው ሚሞሪ እያመጣ አስጫነ፤ ያስጫነው ደግሞ በብሉቱዝ ለሌላው ሰጠ። ባጃጆቹ ያዙት፤ ከባጃጆቹ ጸጉር ቤቶቹ ያዙት። በሳምንታት ውስጥ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ በየመንገዱ የወንድሜ ድምፅ ይጮህ ጀመር። ገበያ ለመሄድ መንገድ መምረጥ ጀመርሁ፤ ሆኖም ድምፁ የሌለበት መንገድ አልነበረም። ቲማቲም ስመርጥ ከኋላዬ «አባየ ቀሩ አሉ» ይላል።

ወጣቱ ያንን ባዶ ቦታ ከሁሉም አብልጦ ወደደው። ምቱ ብቻውን ሲሄድ ለጭፈራ የተተወ ነው የመሰላቸው። የባልደረባዬ ሠርግ ላይ ነበርሁ፤ ዘፈኑ ተከፈተ፤ ሦስተኛው ክፍል ሲደርስ ሚዜዎቹ ቀበቷቸውን ፈትተው እንደ ጅራፍ እያወዛወዙ መሐል ገቡ። ሰው እልል አለ። ሙሽራዋም እየሳቀች ትከሻዋን ነቀነቀች። ክፋት የለባቸውም፤ ደስታ ነው። ቦርሳዬን ይዤ ሾልኬ ወጣሁና አስፋልቱን ይዤ፣ ዓይኔን እየጠረግሁ፣ እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድሁ። ከግቢው ስገባ አከራዬ በር ላይ ነበሩ። ዘፈኑ የእሱ መሆኑን አላወቁም፤ ማንም አልነገራቸውም፤ እኔም አልነገርኋቸውም። «ያ ዳዊት ደጋሚው ነፍሱን ይማረው፤ ዛሬ ዛሬማ ሰፈሩን ጫጫታ ሞላው» አሉኝ።

በደብራችንም ነገር ተነሣ። የመሪጌታው ልጅ ዓመቱ እንኳ ሳይወጣ በየመጠጥ ቤቱ ይዘፈናል ተብሎ ታማ። አንድ የደብሩ ሽማግሌ ከቅዳሴ በኋላ አባየን በሰው ፊት ያዟቸው፤ እኔም ለእሑድ ወርጄ አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

«መሪጌታ፣ ይኸ እንዴት ነው? ይከልክሉ እንጅ» አሏቸው።

አባየ መቋሚያቸውን ደገፍ አሉ። «እኔ በልጀ ላይ ፍትሐት አደረስሁ» አሉ። «እሱ ደግሞ በበሬው ላይ አደረሰ። ከሁለታችን ማንኛችን ነው የሚከለከለው?»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አጣፍተው ሄዱ። ወደ ቤት ስንሄድ ግን አባየ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆሙ። ትንፋሽ ያጠራቸው መስሎኝ ውኃ ላምጣ ስላቸው፣ «የለም፤ ሦስተኛው ምን ይል ነበር እያልሁ ነው» አሉኝ። «ሁለቱን አይቸ ሦስተኛውን መገመት ነበረብኝ። ተማሪየ ነበር። ግን አይመጣልኝም።» እስኪሞቱ ድረስ ይህን ነገር አልተዉትም። ማኅሌት ቆመው፣ እርሻ ላይ ሆነው፣ ድንገት ዝም ሲሉ የሚፈልጉት እሱን እንደነበር አውቅ ነበር።

ዘፈኑ እማየን ያገኛት ቡሬ ላይ ነው። የሙት ዓመቱ ሲቃረብ ለተዝካሩ ጌሾና ብቅል ልንገዛ ገበያ ወጣን። ከተማ ስንደርስ ፀሐዩ በርትቶ ነበር። አንዲት ባጃጅ ተሳፋሪ ልትጠብቅ ከመንገዱ ዳር ቆማለች፤ ዘፈኑ ተከፍቷል። እማየን በክንዷ ይዤ ወደ ሌላ በኩል ልወስዳት ሳብ አደረግኋት፤ አልተንቀሳቀሰችም። እግሯ መሬት ላይ የተተከለ መሰለ።

«ልጀ ነው» አለች።

«እማየ፣ ነይ እንሂድ።»

እጄን አስለቀቀችና ወደ ባጃጇ ሄደች። ትጮሃለች፣ ትወድቃለች ብየ ተከተልኋት። እሷ ግን ነጠላዋን አስተካክላ ሹፌሩን «እንደምን ዋልህ፣ ልጀ» አለችው። ሹፌሩ «ደኅና ዋሉ እናቴ፣ ወዴት ልውሰድዎ?» አላት። «ወዴትም» አለችውና ገባች። እኔም ከአጠገቧ ገባሁ።

«ይኸን ነገር እንዳታጠፋው» አለችው።

ሹፌሩ በመስታወቱ አየንና ሞተሩን አስነሣ። ከገበያው ወጥተን፣ በከተማው ዙሪያ፣ ቤቱ እየሳሳ ወደ ማሳው እስኪደርስ ሄድን። እማየ ጆሮዋን ወደ ድምፅ ማጉያው አዘንብላ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ትሰማለች። አፏ የእሱን ቃል እየተከተለ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ሁለተኛው ክፍል አለቀ። ጅራፉ ብቻውን ሄደ፤ ሄደ።

«ምን ሆነ?» አለችኝ። «ለምን ዝም አለ?»

«አልጨረሰውም፣ እማየ።»

«ይኸን ሁሉ ጊዜ ዝም ይላል?»

«አዎ።»

ሹፌሩ ባጃጇን ከመንገዱ ዳር አቆማት። ወጣት ነው፤ ወደ እኛ አልዞረም። ሞተሩን አጠፋ፤ ዘፈኑ ግን እንደቀጠለ ነው። አዝማቹ ተመለሰና ተፈጸመ። «የእርስዎ ልጅ ነው እንዴ?» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ መሪውን እያየ። እማየ በራሷ «አዎ» አለችው። ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ፣ እግሯን ወንበሩ ላይ ሰብስባ፣ እዚያ ጠባብ ባጃጅ ውስጥ ድምፅ ሳታወጣ አለቀሰች። ልጁ ወርዶ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ወደ ገበያው ሲመልሰን ሒሳቡን አልቀበልም አለ። እማየ ከዚያ ወዲህ ቡሬ ገበያ አልወጣችም፤ የሚያስፈልጋትን ጎረቤት ያመጣላታል።

ዘፈኑ ሁለተኛውን ክረምት አላለፈም። ሌሎች ዘፈኖች መጡ፤ ባጃጆቹም ሌላ ጫኑ። የበሩ ላይ ፎቶ በዝናብ ነጥቶ ሌላ ፎቶ ተለጠፈበት። ጓደኛው ቪዲዮ ቤቱን ዘግቶ ወደ ባሕር ዳር ሄደ፤ መጀመሪያ ላይ ይደውልልኝ ነበር፣ ከዚያ ሁለታችንም ተውነው። የእኔ ስልክ ተሰብሮ ዘፈኑም አብሮ ጠፋ። እንደገና ላስጭነው እልና እተወዋለሁ።

አባየ ካረፉ በኋላ እማየን ልጠይቅ ሄጄ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ስመለስ፣ የተሳፈርሁበት ሚኒባስ ሹፌር የድሮ ዘፈኖች ሲያቀያይር ድንገት ጅራፉ ጮኸ። እጄን በእጄ ያዝሁ። ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች «እንዴ! ይኼን ታስታውሰዋለህ?» ተባባሉ።

«ልጁ ግን የት ደረሰ?» አለ አንዱ።

«አዲስ አበባ ገባ አሉ። ዘፈኑን ትቶ ንግድ ጀምሯል።»

«ያሳዝናል። ጎበዝ ነበር እኮ፤ ቢቀጥል ኖሮ።»

ዞርሁ። ምን ልል እንደዞርሁ አላውቅም። «ደኅና ነው?» አልኋቸው።

«ማን?»

«ዘፋኙ።»

«ደኅና ነው አሉ፣ እትየ» አለኝ ልጁ፤ የሚያውቀውን ሰው ነገር እንደሚናገር ሰው። «ሚስትም አግብቷል። ልጅም ወልዷል መሰለኝ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልሁትና ወደ ፊቴ ዞርሁ። ሦስተኛው ክፍል ሳይደርስ ማንኩሳ ገባን፤ ሰው ወረደ፣ ሰው ተሳፈረ፣ ሹፌሩም ዘፈኑን ቀየረው።